ግሩፕባይ አሬይ ላይ ለምን የለም? የአንድ ስም ጉዳይ ጥናት

አንድ የሽያጭ ዝርዝር እንያዝ። እያንዳንዱ መስመር ከተማና የብር መጠን አለው። ሀዋሳ 1200፣ ባሕር ዳር 800፣ ሀዋሳ 450፣ ጅማ 600፣ ባሕር ዳር 150። የሚፈለገው የየከተማው ድምር ነው። ሀዋሳ 1650፣ ባሕር ዳር 950፣ ጅማ 600። ዌብ ላይ የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ሳይገጥመው ብዙ አይቆይም። ዳሽቦርድ በሉት፣ የወር ሪፖርት በሉት፣ የዕቁብ መዝገብ በሉት፣ ውስጡ ሲታይ ያው ነው። አሬዩን (በተራ የተቀመጠውን ዝርዝር) በአንድ ኪይ (እዚህ በከተማው ስም) መቧደን፣ ከዚያ መደመር።

ዳታው ዳታቤዝ ውስጥ ከሆነ ሥራው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው የኤስኪውኤል ነው። እዚያ «ግሩፕ ባይ» የሚለው ትዕዛዝ መቧደኑንም መደመሩንም በአንድ ላይ ይጨርሰዋል። መቶ ሺህ መስመር ወደ ብራውዘር ጎትቶ እዚያ መደመር ለስልኩም ለኢንተርኔት ካርዱም አያዝንም። ግን ሁሌም ዳታቤዙ በእጃችን አይደለም። ዳታው ከሌላ ሰው ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ ከሚቀባበሉበት በር) ይመጣል። ወይም ተጠቃሚው ገጹ ላይ ያጣራዋል፣ ይቀይረዋል፣ ድምሩም እዚያው መቀየር አለበት። ያኔ ጃቫስክሪፕት ራሱ መቧደን ይኖርበታል።

ጃቫስክሪፕት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ለዚህ ተራ ሥራ ግሩፕባይ የሚባል የራሱ የሆነ ፋንክሽን (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) መደበኛ ሰነዱ ውስጥ ያገኘው ግን በ2024 ነው። ሲመጣም ሰው በጠበቀው ቦታ አልመጣም። ማፕ፣ ፊልተር፣ ሶርት ሁሉም አሬዩ ላይ ናቸው። ከአሬዩ ስም ቀጥሎ ነጥብ ያደርጉና ይጠሯቸዋል። ግሩፕባይም እንደዚያ ነው ብሎ የሚሞክር ሰው «እንዲህ ያለ ፋንክሽን የለም» የሚል ስህተት ያገኛል። ያለው ኦብጀክት ላይና ማፕ ላይ ነው። ሁለቱም ዳታን በኪይ የሚያስቀምጡ መያዣዎች ናቸው፤ ይህ ማፕ ከአሬዩ ማፕ ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነው። ኦብጀክት.ግሩፕባይ ይባልና አሬዩ ቅንፍ ውስጥ ይገባል።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ታሪኩ በአንድ የድሮ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) እና ባለቤቶቻቸው በረሷቸው ጥቂት መቶ ድረ ገጾች በኩል ያልፋል።

በእጅ ሲሠራ

ፋንክሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ሰው የራሱን ይጽፍ ነበር። ባዶ ኦብጀክት ይከፈታል። በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ይኬዳል። የመስመሩ ከተማ ይነበባል። በዚያ ስም ኦብጀክቱ ውስጥ ቁጥር ካለ አዲሱ መጠን ይደመርበታል። ከሌለ ከዜሮ ይጀመራል። በቃ።

አንዳንዱ በፎር ሉፕ (በዝርዝሩ ላይ በየተራ በሚዞር ትዕዛዝ) ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ በሪዲዩስ። ሪዲዩስ በ2009 ከወጣው የቋንቋው ሰነድ አምስተኛ እትም ጋር የመጣ የአሬይ ፋንክሽን ነው። አሬዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ ወደ አንድ ውጤት ያጠቀልለዋል። ለንጹህ ድምር ጎበዝ ነው። ለመቧደን ሲሆን ግን እኔ ብዙም አልወደውም። አንድ መስመር ላይ ሦስት ቅንፍ፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ አንድ የተበተነ ኦብጀክት ታጭቆበት ሳይ፣ ጽሑፉ ለሚያነብ ሰው ሳይሆን ለመታየት የተጻፈ ይመስለኛል። ፎር ሉፑ አምስት መስመር ነው፣ ማንም ያነበዋል።

በእጅ መጻፍ የሰለቸው ደግሞ ላይብረሪ ይጭናል። በ2009 የመጣው አንደርስኮር በ2011 ግሩፕባይን ጨመረ። በ2012 የመጣው ሎዳሽም ያንኑ ይዞ ቀጠለ፣ በኋላም የመረጡትን መጠን ከየመስመሩ እያነበበ የሚደምር ሰምባይ የሚባል ጨመረ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ልብ የሚባል ጠባይ አላቸው። የቋንቋውን ዕቃ አይነኩም። ሁሉንም ፋንክሽን በራሳቸው ስም ሥር፣ በአንዲት የግርጌ ሰረዝ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህን እንያዘው።

ስሙን ፍለጋ

የጃቫስክሪፕት መደበኛ ሰነድ የሚጸድቀው ኤክማ ኢንተርናሽናል በሚባል ድርጅት ነው። ሥራውን የሚሠራው ኮሚቴ ቲሲ 39 ይባላል። የብራውዘር ሠሪዎችና ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ተወካዮች እዚያ ይቀመጣሉ፣ ውሳኔም በስምምነት ነው። አንድ ሐሳብ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ደረጃ 3 ሲደርስ ሰነዱ በመሠረቱ አልቋል፣ ብራውዘሮች ሠርተው ይሞክሩት ማለት ነው። ደረጃ 4 ላይ ቋንቋው ውስጥ ገባ ይባላል።

አሬይ የመቧደን ሐሳብ በ2021 ቀረበ። ያቀረበው ጀስቲን ሪጅዌል ነው። ማንም የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም። ሐሳቡ የታወቀ፣ ጥቅሙ የታወቀ፣ ስሙም ከላይብረሪዎቹ የታወቀ። ግሩፕባይ ተብሎ አሬይ ላይ ይቀመጥ ተባለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር፣ ደረጃ 3 ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ነገር ፈጣን ነው።

ከዚያ ብራውዘር ላይ ሲሞከር አንዳንድ ድረ ገጾች መሥራት አቆሙ።

ጥፋተኛው ሹገር የሚባል የድሮ ላይብረሪ ነበር። ሹገር ከአንደርስኮር በተቃራኒ ፋንክሽኖቹን በራሱ ስም ሥር አያስቀምጥም ነበር። በቀጥታ የአሬይ ፕሮቶታይፕ ላይ ይጨምራቸዋል። ፕሮቶታይፕ ማለት ሁሉም አሬዮች የሚጋሩት የጋራ ኦብጀክት ነው። እዚያ አንድ ፋንክሽን ከተጨመረ ገጹ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አሬይ ያንን ፋንክሽን ያገኛል። ለጻፈው ሰው ምቹ ነበር። በዚያ ዘመን ፋሽንም ነበር፣ ፕሮቶታይፕ የሚባለው ላይብረሪና ሙቱልስም ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

ሹገር ሲጨምር ግን ጨዋ ነበር። መጀመሪያ ያያል። አሬይ ላይ ግሩፕባይ የሚባል ነገር ካለ አይነካውም። ከሌለ የራሱን ያስቀምጣል። ችግሩ የመጣው ከዚህ ጨዋነት ነው። ብራውዘሩ የራሱን ግሩፕባይ ይዞ ሲመጣ ሹገር ያየውና «አለ ማለት ነው» ብሎ ይተዋል። ገጹ ግን የተጻፈው ለሹገር ግሩፕባይ ነው። የሹገሩ ግሩፕባይ «ከተማ» የሚለውን ቃል በስትሪንግ (በተራ ጽሑፍ) ብቻ ቢሰጡት ይገባዋል። ሁለተኛ ፋንክሽንም ይቀበል ነበር፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የሚጠራ። የብራውዘሩ ግሩፕባይ ደግሞ መጀመሪያ ቦታ ላይ ፋንክሽን ካልተሰጠው ስህተት ይጥላል። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት።

ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ራሳቸው እንደጻፉት፣ እንዲህ ያለውን የሹገር እትም የሚጠቀሙ 660 ገደማ የድረ ገጽ አድራሻዎች ተገኙ። ችግር ያለባቸው እስከ 1.4.0 ያሉት የድሮ እትሞች ናቸው።

660 በዓለም ዙሪያ ካለው ድረ ገጽ አንጻር ምንም አይደለም። ታዲያ ባለቤቶቹ ያስተካክሉ ቢባልስ? ብዙ ዴቨሎፐር መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው፣ ምክንያታዊም ይመስላል። ግን ተጠቃሚው የሚያየው ሌላ ነው። ገጹ ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ብራውዘሩ ራሱን አደሰ፣ ገጹ ቆመ። ለእርሱ የተበላሸው ብራውዘሩ ነው። ሌላ ብራውዘር ከፍቶ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ብራውዘር ሠሪ ደግሞ ገጽ የሚሰብር ፋንክሽን አይለቅም፣ ኮሚቴው የፈለገውን ቢወስን። ገጹን የሠራው ልጅም ሌላ ሥራ ይዟል፣ ኮዱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዌብ ላይ ያልተጻፈው ሕግ አንድ ነው፦ ያለውን አትስበር።

ይህ ግጭት የመጀመሪያው አይደለም። አንድ አሬይ ውስጥ አንድ ነገር መኖሩን የሚጠይቀው ፋንክሽን መጀመሪያ ኮንቴይንስ ሊባል ነበር። ከሙቱልስ ጋር ተጋጨና ኢንክሉድስ ሆነ። በ2018 ደግሞ የተደራረበ አሬይ የሚዘረጋው ፍላትን የሚባለው ፋንክሽን እንደገና ሙቱልስን መታ። ያኔ ነገሩ ትልቅ ጫጫታ ሆኖ ነበር። «ስሙሽ» እንበለው ብሎ አንዱ ለቀልድ ያቀረበውን ሰው እውነት መስሎት ተናደደ። መጨረሻ ላይ ፍላት ተብሎ አለፈ። ለግሩፕባይም ያው መድኃኒት ታሰበ፦ ስሙን እናሳጥረው።

ሁለተኛው ስም

ግሩፕባይ ቀርቶ ግሩፕ ተባለ። «ባይ» ወጣ፣ የቀረው እንዳለ። ይህኛው ማንንም ላይብረሪ አይነካም ተብሎ ተስፋ ተደረገ።

ይህኛውም አልተሳካም። ከሁሉም የጉዳዩ ክፍሎች እኔን የሚያስቀኝ ይህ ነው። ግሩፕን ያሰናከለው ላይብረሪ አይደለም። ያሰናከሉት ዳታቸውን በኪይ ሲያስቀምጡ የኖሩ ተራ ኮዶች ናቸው።

ከላይ በእጅ ሲሠራ ባዶ ኦብጀክት ይከፈታል ብዬ ነበር። ብዙ ሰው ግን ባዶ ኦብጀክት በማለት ፈንታ ባዶ አሬይ ይከፍታል። ጃቫስክሪፕት ዝም ይላል። አሬይም ውስጡ ሲታይ ኦብጀክት ነውና፣ በቁጥር ቦታ «ሀዋሳ» የሚል ስትሪንግ ኪይ ቢሰጡት ያስቀምጠዋል። ሌንግዙ (ርዝመቱ) ዜሮ ሆኖ ይቀራል እንጂ ንባቡም ጽሕፈቱም ይሠራል። ፒኤችፒ ከሚባለው ቋንቋ የመጣ ሰው ይህን ሲያደርግ እጁም አይቆጠቁጠውም። ፒኤችፒ ውስጥ በቁጥር የሚቀመጠውም በስም የሚቀመጠውም አንዱ አሬይ ነው።

አሁን እንዲህ ያለ ኮድ አንድ ቀን ግሩፕ የሚል ኪይ ይፈልጋል እንበል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኮድ ውስጥ ይህ ብርቅ ቃል አይደለም። ኮዱ ይጠይቃል፦ በግሩፕ ስም የተቀመጠ ነገር አለ? ድሮ መልሱ «የለም» ነበር። አዲሱ ብራውዘር ላይ ግን አሬዩ ራሱ ውስጥ ባይኖርም ፕሮቶታይፑ ላይ አለ፣ ፋንክሽኑ። ኮዱ ያንን ፋንክሽን ዳታ መስሎት ይይዘዋል። ከዚያ ይደምርበታል፣ ወይም ውስጡን ለማንበብ ይሞክራል፣ ገጹም ይበላሻል።

ማለትም አሬይን የመቧደኛ መሣሪያ ለማምጣት ሲሞከር መንገዱን የዘጋው ሰዎች በእጃቸው ሲቧድኑበት የኖረው ዘዴ ነው።

«ማፕና ፊልተርስ ለምን ይህን አላመጡም?» ሊባል ይችላል። እነርሱ አሬይ ላይ ከ2009 ጀምሮ አሉ። በእነርሱ ስም ኪይ የያዘ ኮድ ያኔውኑ ተሰናክሎ ተስተካክሏል። አዲስ ስም ግን ሁልጊዜ ከተጻፈው ኮድ በኋላ ነው የሚመጣው። ስሙ አጭርና የተለመደ በሆነ ቁጥር ደግሞ አንድ ቦታ ኪይ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ግሩፕባይን ማሳጠር ጠላትን ቀነሰ ሲባል አበዛ።

ሦስተኛ ስም መፈለግ ይቻል ነበር። ኮሚቴው ግን ስሙን ትቶ ቦታውን ቀየረ። ፋንክሽኑ ከአሬይ ፕሮቶታይፕ ላይ ወረደና ስታቲክ ሆነ፣ ማለትም በራሱ በኦብጀክት ወይም በማፕ ስም የሚጠራ፣ ኦብጀክት.ግሩፕባይ እና ማፕ.ግሩፕባይ። ኦብጀክት የሚለውን ፋንክሽን ራሱን የዳታ ማስቀመጫ የሚያደርግ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ አዲስ ስም ቢቀመጥ የሰው አሬይ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያው ስም ግሩፕባይም ተመለሰ። በኖቬምበር 2023 ደረጃ 4 ደረሰ፣ በጁን 2024 በጸደቀው እትም ውስጥ ታተመ። ክሮም ከ117 ጀምሮ፣ ፋየርፎክስ ከ119፣ ሳፋሪ ከ17.4፣ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ ከ21 ጀምሮ አለው።

ውጤቱ ሲገለጥ

አዲሱ ፋንክሽን ሁለት ነገር ይቀበላል። አሬዩን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መስመር ኪዩን የሚመልስ ፋንክሽን። በእኛ ምሳሌ ሁለተኛው «የመስመሩን ከተማ ስጠኝ» የሚል ነው። የሚመለሰው ሦስት ኪይ ያለው ኦብጀክት ነው። በየኪዩ ሥር የዚያ ከተማ መስመሮች በአሬይ ተቀምጠዋል። መስመሮቹ አይገለበጡም። ቡድኑ ውስጥ ያለውን ሀዋሳ ብትቀይሩ የመጀመሪያው ዝርዝር ላይም ይቀየራል።

ኦብጀክቱ ግን ተራ ኦብጀክት አይደለም። ፕሮቶታይፕ የለውም። ይህ ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም ከላይ ያየነው የአሬይ ችግር በተራ ኦብጀክትም አለ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ኮድ አስቡ። ጽሑፉ ውስጥ ኮንስትራክተር የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ኮዱ «በዚህ ስም ቁጥር አለ?» ይላል። ተራ ኦብጀክት ከፕሮቶታይፑ የወረሰው ኮንስትራክተር የሚባል ፋንክሽን ስላለው «አለ» ይላል። በላዩ አንድ ሲደመር ቁጥር አይወጣም። የፋንክሽኑ ጽሑፍ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ 1 ተለጥፎበት። ተጠቃሚ የጻፈው ቃል ኪይ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ይህ አድብቶ ይጠብቃል። ፕሮቶታይፕ የሌለው ኦብጀክት ግን የወረሰው ነገር የለም።

ዋጋውም አለ። ውጤቱ ላይ አንድ ኪይ መኖሩን የሚጠይቀውን ሃዝኦንፕሮፐርቲን መጥራት አይቻልም፣ አልወረሰውምና። በ2022 የገባው ኦብጀክት.ሃዝኦን ይሠራል። ውጤቱን በቀጥታ ከስትሪንግ ጋር ማጣበቅም ስህተት ይጥላል። መጀመሪያ ሲገጥም ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱ ሲታወቅ ግን ይለመዳል።

የኔን ፍርድ ልናገር። የመጣው መፍትሔ ከተጠየቀው ይሻላል ባይ ነኝ። አሬይ ላይ ቢሆን ኖሮ ለአሬይ ብቻ ነበር። አሁን ስታቲክ በመሆኑ ሴት የሚባለውን ድግግሞሽ የሌለው ስብስብም፣ ማፕንም፣ አንድ በአንድ መነበብ የሚችል ማንኛውንም ነገር ይቧድናል። ግን ንባቡ አስቀያሚ ነው። አጣራ፣ ደርድር፣ ቧድን ብሎ በነጥብ ሰንሰለት መጻፍ የለመደ ሰው ቧድን ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይበጠስበታል። ያለፈውን ሁሉ ወደ ቅንፍ ማስገባት አለበት። አንዳንድ ሰው አሁንም ሎዳሽን የሚጭነው ለዚህ ይመስለኛል። ለአንድ ፋንክሽን ሲባል ላይብረሪ መጫን ግን ዛሬ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ኦብጀክት ወይስ ማፕ? ኦብጀክት ኪይን ወደ ስትሪንግ ይቀይራል። ቁጥር 1 እና ስትሪንግ «1» አንድ ቡድን ይሆናሉ። ኪዩ ራሱ ኦብጀክት ከሆነ ደግሞ የተለያዩ ደንበኞች ሁሉ በአንድ ስም ሥር ይታጨቃሉ። ማፕ ኪይን እንዳለ ይይዛል። ሌላም አለ። ኦብጀክት ቁጥር የሚመስሉ ኪዮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ነው የሚያወጣቸው። ሽያጩን በዓመት ብትቧድኑና ዝርዝሩ ከ2016 ወደ 2014 የሚወርድ ቢሆን፣ ኦብጀክቱ 2014ን አስቀድሞ ያወጣዋል። «ደርድሬው ነበር እኮ» ብላችሁ ግማሽ ቀን ታጠፋላችሁ። ማፕ እንደገቡበት ቅደም ተከተል ይዞ ይቆያል። ቅደም ተከተል ለሚያሳስበው ሰው ማፕ ነው።

ድምሩ የት ሄደ?

ግሩፕባይ አይደምርም። ኤስኪውኤልን የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ቅር ይለዋል። ቧድኖ ይሰጣል፣ ድምሩ የእናንተ ነው። በየኪዩ ሥር ያለውን አሬይ ወስዶ በሪዲዩስ መደመር ነው፣ መነሻውን ዜሮ ብሎ። ዜሮውን አትርሱ። መነሻ ሳይሰጠው ባዶ አሬይ የገጠመው ሪዲዩስ ስህተት ይጥላል።

የሚፈለገው ድምሩ ብቻ ከሆነ ግን ግሩፕባይ ጭራሽ አያስፈልግም። መስመሮቹን በየቡድኑ ሰብስቦ፣ እንደገና ሄዶ መደመር ሁለት ጉዞ ነው። የቅድሙ ፎር ሉፕ በአንድ ጉዞ ይጨርሰዋል። ባዶ ማፕ ተከፍቶ ድምሩ እዚያው እያደገ ይሄዳል። ግሩፕባይ የሚጠቅመው መስመሮቹም ሲፈለጉ ነው፦ የከተማው ስም፣ ሥሩ ዝርዝሩ፣ ግርጌው ላይ ድምሩ።

ድምር ላይ የሚበላሹ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ተደጋጋሚ ናቸው። ከፎርም የመጣ መጠን ስትሪንግ ነው። ዜሮ ላይ «1200» ሲደመር 01200 ይሆናል፣ «450» ሲጨመር 01200450። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ሪፖርቱ ላይ ሀዋሳ በድንገት ሚሊዮን ብር ሸጠች። ወደ ቁጥር እንቀይረው ሲባል ደግሞ «1,200» የሚለው ኮማ አለበት። ጃቫስክሪፕት ይህን ቁጥር አይለውም፣ ናን («ቁጥር አይደለም») ይላል። አንድ ናን የገባበት ድምር እስከ መጨረሻው ናን ነው፣ የቀሩት መስመሮች ደህና ቢሆኑም። ሳንቲምም አለ። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ አስርዮሹን በሁለትዮሽ ስለሚይዝ። ገንዘብ ከሆነ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይደመር፣ ወደ ብር መለወጡ ሲታይ ይሁን።

ፊደላችንና ኪዩ

ኮሚቴው የተቸገረው ሁለት ነገሮች አንድ ስም ይዘው ስለተገናኙ ነው። በአማርኛ ዳታ ላይ የሚገጥመን ተቃራኒው ነው። አንድ ነገር ብዙ ስም ይዞ ይመጣል።

አንዱ ጸሐፊ ባሕር ዳር ይላል፣ ሌላው ባህር ዳር፣ ሦስተኛው ባህርዳር አንድ ላይ። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው። ለግሩፕባይ ሦስት ቡድን ነው፣ ድምሩም ሦስት ቦታ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ጃቫስክሪፕት ስትሪንግን የሚያስተካክል ኖርማላይዝ የሚባል ፋንክሽን አለው፣ ግን ለዚህ አይረዳም። የዩኒኮድ ሕግ እነዚህን እንደ አንድ ፊደል አይቆጥራቸውም፣ ሊቆጥራቸውም አይገባም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያየ ድምፅ ናቸው። አማርኛ ላይ የሚሠራ ማስተካከያ ትግርኛ ስሞች ላይ ቢሮጥ የተለያዩ ሰዎችን ሊያዋህድ ይችላል።

ስለዚህ ለአማርኛ ማስተካከያውን ራሳችን እንጽፋለን። ለግሩፕባይ የሚሰጠው ፋንክሽን ከተማውን እንዳለ አይመልስም። መጀመሪያ ክፍት ቦታዎችን ያነሳል። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፣ በሰባቱም ቤት። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ መግባታቸውም አይረሳ፣ አማርኛ ላይ ድምፃቸው አንድ ነውና። የሚቀየረው ኪዩ ብቻ ነው። ገጹ ላይ የሚታየው ስም ሰው የጻፈው ይሁን። ሰው ስሙን ኃይሉ ብሎ ጽፎ ሀይሉ ሆኖ ቢያገኘው ደስ አይለውም።

ይህም ሁሉን አይፈታም። አዋሳና ሀዋሳ የፊደል ልዩነት አይደሉም፣ ሁለት የተለመዱ አጠራሮች ናቸው። እንዲህ ላለው የፊደል ማስተካከያ ሳይሆን «ይህ ስም ያኛው ነው» የሚል ትንሽ ዝርዝር ያስፈልጋል። ከተማው ከመጀመሪያው በእጅ ባይጻፍ ይሻላል። ፎርሙ ላይ ከዝርዝር የሚመረጥ ከሆነ ዳታው ውስጥ የሚቀመጠው የከተማው መለያ ቁጥር ነው፣ የሚቧደነውም በእርሱ ነው። ስሙ ሠንጠረዡ ሲሳል ብቻ ይመጣል። የቆየውን፣ በእጅ የተጻፈውን ዳታ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። ለዚያ ሥራ ግሩፕባይ ራሱ ይረዳል። ዝርዝሩን በከተማ ቧድኑና ኪዮቹን ከየመስመራቸው ብዛት ጋር አውጥታችሁ በፊደል ደርድሩ። ከአንድ ወይም ሁለት መስመር በላይ ያልያዙት ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ከተማ ሳይሆኑ የሌላ ከተማ ሌላ አጻጻፍ ናቸው።